ደረጃው ላይ የቀረችው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ የአረጋውያን ቤት፣ ሐይፋ።
ጉስታቭ ዛሬም አልተኛም፤ ብርድ ልብሱን ገፋ፤
የእንቅልፍ ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ እንደ ልጅ
«ክፈቺው» ይለኛል ቴሌቪዥኑን፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ።

ጥቁርና ነጭ። ድሮ ነው፣ ወደቡ ገና ሳይሰፋ፤
አንዲት ሴት ትሮጣለች የደመወዝ ቦርሳ አቅፋ።
አለቃዋን ገድላለች ይባላል፤ እኛ አላየንም፤
ለደም የሚሆን ቀለም መግዣ ገንዘብ አልነበረም።
በር ተዘጋ፣ ጧ አለ፣ ወጣች። በቃ።

«ጧ ያለው እኔ ነኝ» ይላል፣ «ሁለት ጣውላ አጋጭቼ።
ዝናቡም እኔ ነኝ፤ የአትክልት ጎማ ይዤ ጣሪያ ወጥቼ
እሷን ላርስ ካሜራውን አራስኩት።» ይስቃል፤
ሣቁን ሳሉ ይጨርሰዋል።

ፖሊሱ ጺም አለው፤ ጺሙ ሲነሣ አውቶቡስ ይነዳል፤
ኮፍያ ሲደፋ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያከራያል።
መኪናም አንዲት ናት፤ እሷም በኪራይ መጥታ፣
አሳዳጁ ጠዋት ይነዳታል፣ ተሳዳጇ ማታ።

እኔ ቆሜ አያለሁ፣ የታጠፈ አንሶላ በክንዴ፤
የስድስት ቁጥር ደወል ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ አንዴ፤
ሄጄ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ሆቴል ገብታለች፤
መዝገብ ፊቷ ተዘርግቶ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች።
ስም?
«ራሔል» ሊል የጀመረ እጅ ሬሽ ላይ ቆመና
«ሩት» ብሎ ጨረሰ፤ ያው ባለ ጺሙም፣ ቀና
ሳይል፣ ቁልፍ ሰጣት።

ሣቅሁ። ጉስታቭ ግራ ገባው። እንዴት ልንገረው?
እንዲህ ያለ መዝገብ ፊት እኔም ቆሜ እንደነበር ምን ያሳውቀው?
አሽቀሎን፣ መቀበያው ጣቢያ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቴ፣
ወረፋው ረጅም፣ ከኋላዬ እናቴ።
ጸሐፊዋ ጠየቀች። «ትርንጎ» አልኳት። «ምን ማለት?»
አስተርጓሚው «ኤትሮግ» አላት፣ «ፍሬዋ፣ የዳስ በዓል የምትያዝበት።»
ቢሮው በሙሉ ሣቀ። «ልጅ ኤትሮግ አትባልም» አለችና
«ኦራ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተሙን አነሣችና
መታችው። «ቀጣይ!»

ያቺ ትርንጎ የት ገባች? ማንም አላሳደዳት፣
ቦርሳም አልያዘች፣ ወንጀልም የለባት።
እናቴ ብቻ ትጠራት ነበር፣ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ፤
አቤት የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ እንደሆነች አትመጣ።

«ጫማዋ ይጠብባታል» አልኩት። ዞረ፤ ዐይኑ በራ።
«የዳይሬክተሩ ሚስት ጫማ ነው! ሁለት ቁጥር ያንሳታል! ያን ሁሉ ደረጃ፣ ያን ሁሉ ሥራ
በዚያ ጫማ! ስድሳ ዓመት ማንም አላየው። በምን ዐወቅሽ?»
«በአረማመዷ» አልኩት።
የቀረውን ዋጥኩት፤
በሰው ጫማ፣ በረሃውን፣ ሌሊት ሌሊት ያነከስኩት
የራሴ ነው። ለእኛ መብራት የያዘልን አልነበረም፤
ጨረቃዋን እንኳ ስንረግማት ነበር፣ ታሳብቅብናለች ብለን።

«መጨረሻውስ?»
«የለውም። ደረጃው ጫፍ ላይ በካቴና ሊይዛት ነበር፤
ፖሊሳችን ግን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቤርሳቤህ ገብቶ ነበር።
ብርሃን እስኪጠፋ ጠበቅን። ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች።
ሽቦዬን ጠቅልዬ ሄድኩ። እሷ እዚያው ቀረች።»

እውነትም ደረጃው ላይ ናት። ጀርባዋ ብቻ።
ከዚያ «ሶፍ»፣ ተፈጸመ፤ ጽሑፉም ጠማማ።

ሊነጋ ሲል ተኛ። አንሶላውን ሳስተካክል ክኒኗን አገኘሁ፣
ግማሿ ሟሙታ። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ትንሽ ቆየሁ።
«ክፍል ዘጠኝ፣ ወስዷል» ብዬ ጻፍኩ፤
«ኦራ» ብዬ ፈረምኩ፤
ክኒኗን ኪሴ ከተትኩ።

ከታች ከተማ ወደ ቤቴ የሚያወጣው ደረጃ
መቶ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ስወጣው እቆጥራለሁ።
ዛሬ መቶ ምናምን ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።
ዞር ብዬ አየሁ። አንድ ድመት፤ ወደቡ ላይ ጭጋግ።
ጫማዬን ፈታ አድርጌ አሰርኩና
ከቆምኩበት፣ አንድ ብዬ፣ ጀመርኩ።